«ጌታ ይባርክሽ» ያለኝ ሻጭ

ባለፉት ሁለት እትሞች ባልና ሚስት ስለሚይዙት የጋራ ሂሳብ ስንነጋገር ቆይተን፣ በዚህኛው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቤተሰብ በጀት ልጽፍ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የገጠመኝ ነገር ሐሳቤን አስለወጠኝ።

ከተጋቡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን በመጠባበቅ ላይ ያሉ ባልና ሚስት በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ባልየው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የአንዲት ነጭ ቪትዝ ፎቶ አሳየኝ። «እትዬ፣ ይጸልዩልን፤ ነገ ቀብዷን ልንልክ ነው» አለኝ። መኪናዋ በእውነት ታምራለች። «አይታችኋታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። «በፎቶ አይተናታል፤ ያለችው ሐዋሳ ነው። ሰውዬው ግን አማኝ ነው፤ ስንደውልለት ንግግሩን የጨረሰው በጸሎት ነው» አለች ሚስቲቱ። ሆዴ ተላወሰ። ይህን ንግግር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁና፤ የሰማሁትም ከራሴ አፍ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ዓምድ ያልጻፍኩት ስላፈርኩ ነው። ስለ ባልና ሚስት ግልጽነት ስትጽፍ የኖረች ሴት ይህን መናገር ይከብዳታል። ባለቤቴ የሚያገለግለው በሁለት ቦታ ሲሆን አንደኛው ከከተማ ዳር ነው። ማታ ከጸሎት ፕሮግራም ሲወጣ ታክሲ ስለማይገኝ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመጣል፤ ጉልበቱን መታመም ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ለመኪና ብለን በሁለታችን ስም የምናጠራቅመው ገንዘብ ነበረን። ከዚያ ውጭ እኔ ከሰፈር ሴቶች ጋር እቁብ እጥል ነበር። በዚያ ወር እቁቡ ደረሰኝ፤ 85,000 ብር። ሃያኛው የጋብቻ በዓላችን በሰኔ ስለነበር፣ ቀብዱን በድብቅ ከፍዬ መኪናዋን ሳሳየው ምን እንደሚል እያሰብኩ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ በቴሌግራም የመኪና ሽያጭ ገጾችን ማገላበጥ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን አንዲት ቪትዝ አገኘሁ። ጽሑፉን ዛሬም አልረሳውም። «ቦዲዋ ያልተነካ፣ በሴት የተነዳች፣ ባለቤቷ ወደ ካናዳ ስለምትሄድ በአስቸኳይ የምትሸጥ፣ ከደላላ ነፃ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ መስመር ስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ ያን ሰሞን በሰፈራችን ተመሳሳይ መኪና ከተሸጠበት በሩብ ያህል ያነሰ ነበር። የእኔ የመገለጫ ፎቶ የመዘምራን ልብስ የለበሰች ልጄ ናት። ሰውዬው ፎቶዋን አይቶ ነው መሰል፣ ሁለተኛው መልእክቱ «ጌታ ይባርክሽ እኅቴ» በሚል ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ መጠየቅ አፈርኩ። ወንድሜን እንደ ሌባ የምመረምረው መሰለኝ።

ሊብሬውን ላክልኝ ስለው ስሙና የሻንሲ ቁጥሩ በጣት የተሸፈነ ፎቶ ላከልኝ፤ «ለጥንቃቄ ነው እኅቴ፣ ዘመኑ ክፉ ነው» አለኝ። መኪናዋ አዳማ ወንድሙ ግቢ ውስጥ ናት። ሄጄ ልያት ስለው፣ ሌላ ገዢ ከጅማ ተነሥቶ በመንገድ ላይ ነው፤ ቀብድ ካስገባሁ ግን ለእኔ ይይዛታል። ገንዘቡን ልልክ ስል የተቀባዩ ስም ስልኬ ላይ ወጣ፤ ሻጩ የነገረኝ ስም አልነበረም። «የባለቤቴ ወንድም ሂሳብ ነው» አለኝ። እሺ አልኩ። ቁጥሩን ነካሁት፤ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። መኪናዋ ላይ አንድ እገዳ ተገኝቷል፤ ለማንሣት 40,000 ብር ያስፈልጋል፤ ከዋጋው ላይ ይቀነስልኛል። ይህ ካልሆነ ቀብዱም መኪናውም አደጋ ላይ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ነገ ዛሬ እያልኩ አስታመምኩት። አንባብያን ሆይ፣ እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ የእኅቶች ኅብረት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለችግረኛ ቤተሰቦች የተዋጣው ገንዘብ በቤቴ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነበር። አንድ ሌሊት ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩት። «ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ እመልሰዋለሁ» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከገንዘቡ ጋር የአዋጪዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ነበር። እንጀራ እየጋገረች የምታድር አንዲት እኅታችን ስም ፊት ለፊት «20 ብር» ይላል። ወረቀቱን መልሼ አስገባሁት። ሳጥኑን ቆልፌ ወደ መኝታ ቤት ሄድኩና ባለቤቴን ቀሰቀስኩት።

አልጮኸብኝም። «ሰውዬውን አይተሽዋል?» አለኝ። «አላየሁትም።» «መኪናዋንስ?» «አላየኋትም።» ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ብዙ ቀን ቆይቶ እንደነገረኝ፣ ከ85,000 ብሩ ይልቅ ያሳዘነው ሳልነግረው አሥራ አንድ ቀን አብሬው በአንድ ገበታ መብላቴ ነው።

በማግሥቱ የእኅቱን ልጅ ጠራልኝ። ልጁ ፎቶዎቹን በጎግል የምስል ፍለጋ ውስጥ አስገብቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መኪናዋን ከሰባት ወር በፊት በሌላ ሻጭ ስም፣ በሌላ ዋጋ ተለጥፋ አገኛት። ከዚያ ፎቶውን አሰፋና «አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ አሳየኝ። ከመኪናዋ ኋላ ያለው ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሰውዬው በሚያዝያ «ዛሬ ጠዋት ያነሣሁት ነው» ብሎ ነው የላከልኝ። አደይ በመስከረም እንደሚፈካ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ እኔ ግን መኪናዋን እንጂ ሜዳውን አላየሁትም ነበር። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመለከትን፣ ባንኩንም ጠየቅን። ገንዘቡ ወደ ሂሳቡ በገባ በሰዓታት ውስጥ ወጥቷል። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ለምን ታለልኩ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ርካሽ ዋጋ አንዱ ነው፤ አልክድም። የበለጠው ግን ወረቀት መጠየቅ የእምነት ማነስ ነው የሚል በውስጤ የተቀመጠ ሐሳብ ነው። በአማኞች መካከል ይህ ሐሳብ ብዙ ሰው አስዘርፏል፤ የሚዘርፉትም ቋንቋችንን የተማሩት ለዚሁ ነው። ሰላምታችንን፣ የጸሎት አዘጋጋችንን፣ «ወንድም» እና «እኅት» አባባላችንን ያውቁታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የብሉይ ኪዳን ትምህርት ስንማር የመክፌላን ዋሻ ግዢ እንደ ደረቅ ታሪክ አልፌው ነበር። አሁን ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። አብርሃም ለሣራ መቃብር የሚሆነውን ቦታ የኬጢ ልጆች በነፃ ውሰድ ሲሉት እንኳ አልተቀበለም። 400 ሰቅል ብር በከተማው በር በሕዝብ ፊት መዘነ፤ እርሻው፣ ዋሻው፣ በዙሪያው ያሉት ዛፎች ሁሉ ተዘርዝረው ጸኑለት። ኤርምያስም የአጎቱን ልጅ መሬት በ17 ሰቅል ሲገዛ፣ ሻጩ ዘመዱ ሆኖ ሳለ፣ ምስክር አቁሞ፣ የታተመና የተከፈተ ሁለት ውል አጽፎ በሸክላ ዕቃ እንዲቀመጥ አድርጓል። ሁለቱም በእምነታቸው የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ገንዘቡን የመዘኑት በምስክር ፊት ነው።

እንግዲህ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ጠይቄም፣ ተቃጥዬም የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከማስታወቂያው ቃል እንጀምር። «ፉል ኦፕሽን»፣ «እንደ አዲስ»፣ «ዱባይ ስታንዳርድ»፣ «ኪሎ ሜትሯ ዝቅ ያለ»፣ እነዚህ ሁሉ ሻጩ የሚጠየቅባቸው ቃላት አይደሉም። «በሴት የተነዳች» የሚለው ደግሞ ያስቀኛል፤ የአሁኗን መኪናችንን በር ከግንብ ጋር አስታክኬ የላጥኩት እኔ ነኝና። የሚጠየቅበት ነገር የሞዴሉ ዓመት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የሊብሬው ባለቤት ስም ነው። በማስታወቂያው ላይ እነዚህ ከሌሉና ስትጠይቁም ካልተሰጣችሁ፣ የቀረው ማስታወቂያ የቅጽል ክምር ነው። ዋጋው ከገበያ በጣም ዝቅ ካለ፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ወደ ውጭ የሚሄድ፣ የታመመ፣ የተቸገረ ሰው በእርግጥ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ግን በመጀመሪያ ለጎረቤቱና ለሥራ ባልደረባው ይሸጣል፤ እኔን ከቴሌግራም ፈልጎ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

መኪና በስልክ ይፈለጋል፣ በዓይን ይገዛል። ስትሄዱም ከሻጩ ሳይሆን ከእናንተ ጋር የመጣ መካኒክ ይኑር። ሻጩ የሚያውቀው ጋራዥ ካልሆነ አልሄድም ካለ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። መካኒኩ ሞተሩንና ካምቢዮውን ሲያዳምጥ እናንተም ማየት የምትችሉት ነገር አለ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳ፣ የሹፌሩ ወንበር ጠርዝ ግን አይመለሱም። 40,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳ መኪና ፔዳሉ እስከ ብረቱ ካለቀ ቆጣሪው እውነቱን አይናገርም። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዞች ተጽፈው ታገኛላችሁ። 2319 ከሆነ ጎማው በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። የ2015 ሞዴል ሆኖ «ብዙም አልተነዳም» የተባለ መኪና አራቱም ጎማዎች በ2019 ከተለወጡ፣ ለምን እንደተለወጡ ጠይቁ። «ቦዲው ያልተነካ» ለተባለው ደግሞ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹንና ኮፈኑን ዳብሱ፤ ከሥር በስቱኮ የተሞላ ቦታ ላይ ማግኔቱ አይይዝም። የእኅቱ ልጅ ይህን ሲያደርግ ሰው ሁሉ ሲስቅበት ነበር፤ አንዷ በር ላይ ማግኔቱ ሲወድቅ ሳቁ ቆመ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው አካል ላይ ራሳችሁ አንብቡና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩ መኪናዎች አጠር ያለ ቁጥር አላቸው፤ ከዚያ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ 17 ፊደልና አኃዝ ይይዛሉ። በዚህ 17 ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡም፤ ካያችሁ ወይ በስሕተት ተነቧል ወይ ተነካክቷል። ጃፓን የተሠራው በጄ፣ ቻይና የተሠራው በኤል፣ ጀርመን የተሠራው በደብሊው ይጀምራል። ቁጥሩ የተመታበት ብረት የተፈገፈገ ወይም እንደገና የተበየደ ከመሰለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ሊብሬው ዋናው ይታይ፤ ፎቶ ሊብሬ አይደለም። በስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ። መኪናው በባንክ ብድር ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም የትራፊክ ቅጣት ተቆልሎበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመክፈላችሁ በፊት ፋይሉ ባለበት መንገድ ትራንስፖርት ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ጠይቁ። ያልተከፈለ ከሆነ ርካሹ ዋጋ ርካሽ አይደለም። ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ የለጠፈ መሆኑንም እዩ። እኔን «እገዳ ለማንሣት» ብሎ 40,000 ብር የጠየቀኝ ሰው እውነተኛ ሻጭ ቢሆን ኖሮ፣ ክፍያው በመሥሪያ ቤቱ መስኮት በደረሰኝ በተፈጸመ ነበር። ደረሰኝ የሌለው የመንግሥት ክፍያ በስልክ ሲጠየቅ ንግግሩን እዚያው አቁሙት።

ስለ ውክልና ጥቂት ላቆያችሁ፤ ብዙ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የተጎዱበት ነውና። አንዳንዶች ስም ለማዛወር የሚወጣውን ወጪና ምልልስ ፈርተው፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍለው ከሻጩ ውክልና ብቻ ተቀብለው ይነዳሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ወካዩ ከሞተም ውክልናው በመሠረቱ ያበቃል። ሻጩ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወራሾቹ ግን እናንተን አያውቋችሁም። የማውቃት አንዲት መበለት ባልዋ በውክልና የገዛውን መኪና ከማያውቋቸው ወራሾች ጋር ስትከራከር ሁለት ዓመት አልፏታል። በሌላ በኩል ሻጩ ራሱ ወኪል ሆኖ ከመጣ፣ ውክልናው መሸጥ እንደሚያስችለው በግልጽ መጻፉንና አለመሻሩን ሰነዶች ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው ቦታ፣ ማረጋገጥ ይቻላል። ወካዩ ውጭ አገር ያለ ከሆነ በቪዲዮ ደውላችሁ ፊት ለፊት ማነጋገር ብዙ አያስቸግርም።

ለባልና ሚስት የሚሆን አንድ ነገር እዚህ አለ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ቀርቦ ይፈርም፤ ካላገባም የያላገባ ማስረጃ ያምጣ። «ባለቤቴ ተስማምታለች» የሚለው ቃል በቂ አይደለም፤ ሳትፈርም የቀረች ሚስት ፍርድ ቤት ሄዳ ውሉን ልታስፈርሰው ትችላለች። ገዢውን ግን ሚስትህን አምጣ የሚለው የለም። ሕጉ ያልጠየቀውን እኛ በቤታችን ደንብ አድርገነዋል። ከተስማማንበት መጠን በላይ የሆነ ገንዘብ ሁለታችንም ሳናይ ከእጃችን አይወጣም። አስደናቂ ስጦታም ቢሆን!

አሁን ወደ ክፍያው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህና የባንክ መተግበሪያዎች ከተስፋፉ ወዲህ ገንዘብ መላክ ቀሏል፤ መመለሱ ግን አልቀለለም። ገንዘቡን ከማጽደቃችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ስልካችሁ ላይ ሲወጣ፣ ያ ስም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። የሚስት ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ «ሂሳቤ ተዘግቶ ነው» የሚል ሁሉ አይሠራም። ቀብድ መስጠት በሕጋችን የታወቀ ነገር ነው። በሌላ አኳኋን ካልተዋዋሉ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሰው ውሉን ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ነገር ግን እጥፉን የምትጠይቁት ማን እንደተቀበለ ስታውቁ ነው። ቀብድ ከሰጣችሁ መኪናውንና ሰውዬውን ካያችሁ በኋላ፣ በጽሑፍ፣ ምስክሮች ፈርመውበት፣ የመታወቂያው ኮፒ ተያይዞ ይሁን። ዋናው ክፍያ በባንክ ሲፒኦ በሻጩ ስም ተሠርቶ ወይም ባንክ ውስጥ አብራችሁ ቆማችሁ ውሉ በሚፈረምበት ቀን ይፈጸም።

የምትሸጡም ብትሆኑ ያው ነው። «ገብቷል» የሚል የስልክ መልእክት ወይም የደረሰኝ ፎቶ አይታችሁ ቁልፍ አትስጡ፤ ሁለቱንም በስልክ መሥራት ይቻላል። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ገንዘቡን በዓይናችሁ እዩ።

ሌላው ዘንድሮ ብዙዎች የሚጠይቁኝ፣ ከቻይና ታዝዘው ስለሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በፌስቡክና በቲክቶክ «በ45 ቀን እጅዎ እናስገባለን፣ ግማሹን ይክፈሉ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። በቅንነት የሚሠሩ አስመጪዎች አሉ። ይሁን እንጂ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱን አትርሱ። በዚያ ሳምንት ቅድሚያ የከፈለ ሰው ውሉ ላይ ዋጋው በብር የተቆረጠ መሆን አለመሆኑ ትልቅ ልዩነት አምጥቶበታል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ንግድ ፈቃዱን፣ ቢሮውን፣ ቀድመው የተረከቡ ሰዎችን እዩ። ቢዘገይ ምን እንደሚሆን፣ ምንዛሪ ቢለወጥ ጭማሪው በማን ላይ እንደሆነ፣ የባትሪው ዋስትና እዚህ አገር ማን ዘንድ እንደሚጠየቅ በውሉ ይጻፍ።

ውጭ ያላችሁም አትቀሩም። ቨርጂኒያ የምትኖር የባለቤቴ እኅት አንድ ጊዜ የገጠማት ሻጭ ወታደር ነኝ፣ ወደ ግዳጅ ልሄድ ነው፣ መኪናው በኢቤይ ጥበቃ በኩል ይላክልሻል፣ ክፍያውን በስጦታ ካርድ አድርጊ ብሏት ነበር። የኢቤይ የተሽከርካሪ ግዢ ጥበቃ የሚሸፍነው በራሱ በኢቤይ ላይ የተፈጸመን ግዢ ነው፤ በሌላ ቦታ የታየን መኪና አይመለከትም። ክፍያ በስጦታ ካርድ ከተጠየቀ ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ነው። እርሷ በሰዓቱ ደውላ ለባልዋ ስለነገረችው ዳነች፤ በእኔ ቤት ይህን ታሪክ ለብዙ ጊዜ ማንም ደፍሮ አላነሣውም።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላስ? ያን ዕለት፣ ያን ሰዓት ወደ ባንኩ ደውሉ፤ ቀጥሎ ፖሊስ ዘንድ ሄዳችሁ አመልክቱ። በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። መልእክቶቹን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ ፎቶዎቹን አታጥፉ። እኔ በንዴት ግማሹን አጥፍቼ ለመርማሪው የማሳየው አጥቼ ነበር። በሰዓቱ ብደውል ገንዘቡ ሳይወጣ ሊያዝ ይችል ነበር ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ያዘገየኝ ኀፍረት ነው። በትዳር ውስጥ የተታለለው ወገን ኀፍረቱን ለብቻው እንዳይሸከም፣ ሌላው ደግሞ «ነግሬህ ነበር» የሚለውን ቃል ለጥቂት ቀን ቢያቆየው መልካም ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አላለኝም። ሊለኝ ሲያስብ ግን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። ያን እሑድ ታሪኬን ነግሬያቸው፣ ለሻጩ «ሐዋሳ እንመጣለን፤ መኪናዋን አይተን፣ በስምህ ባለው ሂሳብ እንከፍላለን» ብለው እንዲጽፉለት መከርኳቸው። እዚያው ቆመን ጻፉለት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ወንድሜ፣ ካላመንከኝ በረከቴን አልቀማህም» የሚል መልስ መጣ። ማታ ሲደውሉ ስልኩ አይሠራም፤ የመኪናዋም ማስታወቂያ ተነሥቷል። ሚስቲቱ ትንሽ አዘነች፤ ለልጁ መምጫ ብላ ልብዋን ጥላባት ነበርና። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ፤ ይቺኛዋ አቃቂ ናት፤ ቅዳሜ ከመካኒክ ጋር ሊያዩአት ነው።

እኛም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዘንድ ያረጀች ኮሮላ ገዛን። ውልና ማስረጃ ስንሄድ ባለቤታቸው ከዘራቸውን ይዘው መጥተው ፈረሙ፤ «ይቺን መኪና ካልፈረምኩ አልለቃትም ብዬ ነው የመጣሁት፣ ሦስት ልጅ የወለድኩት በእርሷ ሄጄ ነው» አሉ። የኋላ የቀኝ መስኮቷ አይወርድም። መምህሩ ይህን ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ራሳቸው ነግረውናል።